ሹራብ ውስጥ የተጠቀለለ ጭኮ

ቀራንዮ፣ የካቲት 26 ቀን 2017

አክስቴ፣

«ምንም የሚበላ ነገር እንዳትልኩ» ማለት ምን ማለት ነው? ስትጽፊው እጅሽን አልያዘሽም? ሰላምታውን በኋላ እሰጥሻለሁ፤ መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ።

አንቺው ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። ታዲዮስ «አክስቴ» ብሎ ባይጠራሽ ኖሮ የእህትሽ ልጅ መሆኑን ሳታውቂ አልፈሽው ልትሄጂ ነበር። ጠባቂዎቹ ጦርነቱ ሲደርስባቸው ስደተኞቹን ያጎሩበትን ካምፕ በር ከፍተው ሲፈረጥጡ፣ ከሽቦው ውስጥ አንድ ሰው እንኳን ሮጦ አልወጣም፤ ለመሮጥ ጉልበት ያለው አልነበረማ። ይሄን ሁሉ ጻፍሽ፣ ጻፍሽና መጨረሻ ላይ «ምግብ አትላኩ»። ቤቱ ለሚቃጠልበት ሰው ውሃ አታቀብሉ እንደማለት እኮ ነው።

ደብዳቤሽን ለእማዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩላት ነበር። እዛ ጋ ስደርስ ዋጥኩት። «ምን አለች?» አለችኝ። «ሁላችሁንም ሳምኩ ብላለች» አልኳት። ምን ልበላት? በሶውን አስፈጭታለች፣ ቅቤውን አንጥራለች፣ ጭኮው ታሽቶ አልቋል። በሁዳዴ፣ አክስቴ። ጾም ነውና ጨዉ ይብዛ ይነስ መቅመስ አልቻለችም፤ በአፍንጫዋ ብቻ ነው የለካችው። ጎረቤት እየገባ «ጥሩብርሃን፣ በዚህ ጾም የምን ቅቤ ነው?» ሲላት «ልጄ ተገኝቷል» ትላለች። ታዲዮስ ባሕር ተሻግሬ ሥራ ልፈልግ ብሎ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

አንቺ ነርስ ነሽ፣ እሺ። እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ወርውሬ የወጣሁ ነኝ፣ እሺ። ግን የተራበ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ማትሪክ ማለፍ አያስፈልግም። ደግሞ «ትምህርት ቤት ተመለሺ» የምትዪውን ለሌላ ጊዜ አቆዪው። አየር ጤና ያለው ፀጉር ቤት ተስማምቶኛል። ሰው ጭንቅላቱን አስረክቦኝ ቁጭ ሲል፣ ቢያንስ ተናግሬ ሳልጨርስ ተነስቶ አይሄድም።

ስለ ገሜዳ ለምን ምንም አልጻፍሽም? ከታዲዮስ ጋር ጋራዥ አብረው ሠርተው፣ አብረው ነው የሄዱት። እናቱ እትዬ አልማዜ ከዓለም ባንክ በታክሲ እየመጡ በየቀኑ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። አይገቡም፣ አይቀመጡም። «ስለ ልጄ የሰማሽው አለ?» ብቻ ነው።

ለማንኛውም ከአሁን ጀምሮ አንቱ ነው የምልዎት። ስናደድ አንቱ እንደምል ያውቃሉ። ምግብ አልላክንም፤ እንዳሉት። ሹራብ ብቻ ነው። ያ መድኃኒት ይዞ በየሐሙሱ ወደ እናንተ የሚበረው ዘርዓብሩክ ነገ ያደርስልዎታል። ሹራቡን ታዲዮስ ራሱ ይፍታው። እርስዎ እንዳይፈቱት፣ አደራ። የእህትና የወንድም ነገር ነው።

ማራኪ

*

ከካምፑ፣ የካቲት 28 ቀን 2017

ለማራኪ፣

አንቱታሽ ደርሶኛል፤ አንገቴን ደፍቼ ተቀብያለሁ። እናትሽን በእኔ ቦታ ሆነሽ አቅፈሽ ሳሚልኝ። መልሴ ስላጠረና ጽሑፌ ስለተበላሸ ይቅርታ፤ እጄ ከማጠቢያው መድኃኒት የተነሳ ተላልጧል።

ገሜዳ አለ። ከታዲዮስ ጎን ተኝቷል። ለእናቱ «አለ» በያቸው፤ ከዚያ በላይ አትጨምሪ። ከታዲዮስ ይልቅ እሱ በጣም ደክሟል። አስቀድሜ ያልጻፍኩት «አለ» ብዬ ጽፌ ደብዳቤው እስኪደርስ እንዳይለወጥብኝ ፈርቼ ነው።

አሁን ስለ ምግቡ። ተቆጥተሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው አካሉ የራሱን ሥጋ ሲበላ ይከርማል። ልቡም ሥጋ ነው፤ እሱም ይበላል። እንዲህ የሆነ ሰው ድንገት ጠንከር ያለ ምግብ ከገባለት፣ ልቡ የሚሠራበትን ማዕድን ከደሙ ውስጥ ምግቡ ይሻማዋል። ያኔ ልቡ ይቆማል። ስለዚህ በስኒ፣ በስኒ ወተት ነው የምንሰጣቸው። ጠጥተው ሳይጨርሱ «ጨምሪልኝ» ይላሉ። አልጨምርም። አንዱ ትናንት «አንቺ ነጭ የለበስሽ ጠባቂ ነሽ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እነዚያም ምግብ እያሳዩ ይከለክሏቸው ነበር፤ እኔም እያዩኝ እከለክላቸዋለሁ። ልዩነቱን በምን ይወቁት?

ጠባቂዎቹ ከሸሹ በኋላ ቀድመው የደረሱት ወታደሮች ደግ ነበሩ። የገዛ ስንቃቸውን፣ የቆርቆሮ ሥጋ ሳይቀር አደሏቸው። እኛ ስንደርስ ምግቡ ካለቀ ሁለተኛው ቀን ነበር። መጀመሪያ የሠራነው ሥራ መቅበር ነበር። ይህን ለእናትሽ አታንብቢላት።

ከዚያ ማጠብ ጀመርን። ቅማሉ ለታይፈስ ስለሚያሰጋ ልብሳቸውን ሁሉ አቃጠልን። ያን እራፊ ጨርቅ ስናቃጥልባቸው ያለቀሱትን አልነግርሽም። ሌላ የራሳቸው የሆነ ነገር አልነበራቸውም። ስለዚህ ሹራብ መላክሽ ትልቅ ነገር ነው። እንዳልሽው ሳልፈታው ዛሬ ለታዲዮስ ሰጠሁት። ፊቱ ላይ አድርጎ አሸተተው፣ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ገሜዳም እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው።

ተባረኪ።

አክስትሽ ወለተጻድቅ

*

ቀራንዮ፣ የካቲት 29 ቀን 2017

አክስቴ፣ አክስቴ፣

ሹራቡን ንጠቂው። ውስጡ ጭኮ አለ።

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ አየር ጤና ፌርማታ ላይ፣ ዘርዓብሩክ ከሰጠኝ ቦታ ሳልንቀሳቀስ። «ፊቱ ላይ አድርጎ አሸተተው» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ያሸተተው ቅቤውን ነው። የሳቀው ለዛ ነው።

ዘርዓብሩክን «አሁን ተመለስ» አልኩት። «እኔ አውሮፕላን ነኝ እንዴ? ሐሙስ ነው የምበረው» አለኝ። እሱም ምን ያድርግ። ስልካችሁ አይሠራም፣ ምሰሶው በጦርነቱ ወድቋል፤ የሳተላይቷ ስልክ ደግሞ ለሥራ ብቻ ናት ብለሻል። ስለዚህ የእርዳታ ድርጅታችሁ ቢሮ ሄድኩ። ጥበቃው «ደብዳቤ ካለሽ ጣይና ሂጂ» አለኝ። ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት አልጽፈውም፤ እናቱን ግን አልነካሁም። ጎትቶ ሊያስወጣኝ ሲል ምህረት የምትባል ልጅ ከውስጥ ወጣችና «ምንድነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። «በሬዲዮ እነግራቸዋለሁ» ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

መሮጧ ነው ያስፈራኝ፣ አክስቴ። ቢሮ ውስጥ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ይሄ ደብዳቤ ሐሙስ ሲደርስሽ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ «አንቺ ቀበጥ» ብለሽ ስቀሽብኝ ይሁን። እባክሽ። ስድብሽን እችለዋለሁ።

ማራኪ

*

ከካምፑ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017

ማራኪዬ፣

ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እናትሽ ካለች አሁኑኑ እጠፊውና ውጪ።

መልእክትሽ በሬዲዮ የደረሰን የጻፍሽ ዕለት ነው። ሮጬ ሄድኩ። ሹራቡን ስፈታው ባዶ ፌስታል ነበር ያገኘሁት፤ ውስጡ ቅቤ ብቻ ያብረቀርቃል። «ታዲዮስ፣ በላኸው?» አልኩት። «እኔ ጣቴን ነው የላስኩት» አለኝ። «ገሜዳ ከእኔ ይብስ ነበር።»

አጉርሶታል። አንዴ ሲያጎርሰው ገሜዳ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ቀለደበት። ቀልድ ከአፉ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆኖት ነበር። ታዲዮስ ሁለተኛውን አጎረሰው። ከዚያ ሦስተኛውን። ከዚያ እስኪያልቅ። እኛ አገር ሰው ሲያጎርሱት እምቢ አይልም፤ የሚያጎርሰውም በቃኝ ሳይባል አያቆምም። የተራበ ሰው ደግሞ በቃኝ አያውቅም።

ያለንን ሁሉ አደረግን። የሚረዳውን በደም ሥሩ ሰጠነው፤ መርፌውን ሲያይ ሊገድሉኝ ነው ብሎ ታገለን፤ ታዲዮስ ነው እጁን የያዘልን። መጀመሪያ እግሩ አበጠ። ቀጥሎ ትንፋሹ አጠረ። ሰኞ ጠዋት ገሜዳ ዐረፈ። በክብር ቀብረነዋል፤ ጸሎት የሚያውቅ አንድ የጎጃም ልጅ ከሕሙማኑ መሀል ተገኝቶ ደግፈነው ቆሞ ጸለየለት።

የማርፍበት አንድ ነገር ቢኖር ታዲዮስ ነበር፤ እሱም የለም። ከሰኞ ጀምሮ ወተቱን አይቀምስም። ስኒውን ሳስጠጋለት ከንፈሩን ይገጥማል። በአፍንጫው ቱቦ ብናስገባለት ነቅሎ ጣለው። ገሜዳ ሲጎርስ ምን እንዳለው፣ ምን እንደተባባሉ ስጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እንዲህ ከቀጠለ ከሳምንት አያልፍም። ይህን የምነግርሽ ልጅ ነሽ ብዬ መደበቁ ምን እንዳስከተለ ስላየሁ ነው።

መርዶውን በስልክም ሆነ ፀጉር ቤት በር ላይ ለአልማዜ እንዳትነግሪያቸው። ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ሀብተሥላሴ ብቻ ንገሪ፤ ሽማግሌዎቹ ወጉን ያውቁታል። በሳተላይቱ ስልክ አንድ ጊዜ ወደ ቤተሰብ የመደወል ፈቃድ አለኝ። አስቀምጬዋለሁ። ለምን እንደማስቀምጠው አልጽፍልሽም።

ሹራቡን ሳልፈታ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብቻሽን አትሸከሚው።

አክስትሽ

*

ቀራንዮ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017

አክስቴ፣

አነበብኩት።

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። የምሰድበው ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ዘርዓብሩክ ተሸካሚ ነው። አንቺ አልፈታሁም አልሽ፣ አትፍቺ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እማዬን? እማዬን ምን ልበላት?

ቤት ስገባ የበሶ ገብስ እየቆላች ነው። «ለሚቀጥለው ሐሙስ» አለችኝ። «አሁንስ ቅቤውን ቀነስ ላድርገው መሰለኝ፣ ሆዱን እንዳይከብደው።» እየሳቀች። ወጥቼ በር ላይ ቁጭ አልኩ።

ለጋሽ ሀብተሥላሴ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ «ወንድሟ ከጅማ እስኪመጣ ይቆያል፤ ሴትዮዋን የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል» አሉኝ። እስከዛ እኔ ምን ልሁን? እትዬ አልማዜ ዛሬም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ አለ ብለሽኛል አይደል?» አሉኝ። የሰው ፀጉር እጄ ላይ ነበር። «አዎ» አልኩ። በቁሜ ዋሸሁ። «ተመስገን» ብለው ሄዱ። የማበጥርላት ሴትዮ «አሳመምሽኝ እኮ» አለችኝ። ፀጉሯን ጨብጬ ይዤ ቀርቻለሁ ለካ።

ይሄን የምልክልሽ ሐሙስ ነው፤ ቀጥሎ ከምጽፈው ጋር። ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

*

ቀራንዮ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017፣ ሐሙስ ጠዋት

አክስቴ፣

ይሄን እያነበብሽ ዝም ብለሽ ወደ ታዲዮስ ሂጂ። ዘርዓብሩክ እኛ በር ላይ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋብኝ፣ ሁለቴም በመስኮት ሰደብኩት። ቀትር ላይ እጅሽ ይገባል ብሏል።

ትናንት ሊነጋጋ ሲል ሄድን፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ከጅማ የመጣው ወንድም፣ እማዬና እኔ። እማዬ ገሜዳ መሞቱን እንጂ በምን እንደሞተ አታውቅም ነበር። ጋሽ ሀብተሥላሴ በሩን አንኳኩተው ገና «አልማዜ፣ እኛ ነን» ሲሉ ገብቷቸዋል። በዛ ሰዓት ሽማግሌ ሲመጣ ማን ይጠፋዋል? «ታሞ ነው» አሏቸው። «ሐኪሞቹ ብዙ ደክመዋል።»

እትዬ አልማዜ ደረታቸውን እየመቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሉት። «ልጄ ርቦት ሞተ። እኔ እየበላሁ ልጄ ርቦት ሞተ።» ወንድማቸው ይዟቸዋል፣ አልቻላቸውም። «ርቦት። አንድ ጉርሻ የሚሰጠው አጥቶ።»

አክስቴ፣ አፌን ታውቂዋለሽ። አልቻልኩም። «አልራበውም» አልኩ። «ጠግቦ ነው የሞተው። የኛን ጭኮ በልቶ።»

ለቅሶው ቆመ። ጋሽ ሀብተሥላሴ በእጃቸው አፌን ሊይዙኝ መጥተው መሀል ላይ ቆሙ። እኔ ግን ጀምሬዋለሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ልቡን፣ ወተቱን፣ ሹራቡን፣ አትላኪ ብለሽኝ እንደላኩት። እትዬ አልማዜ «ማነው ያጎረሰው?» አሉ። «ታዲዮስ» አልኩ። ተነስተው ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉት። ቤቱ ሙሉ ሰው ወደኔ ዞረ። እኔ ያየሁት እማዬን ነው። እጆቿን ዘርግታ ታያቸው ነበር፣ መዳፏን፣ ከዛ ጀርባውን። ከዛ ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው። እስካሁን አላወጣቻቸውም።

ሽማግሌዎቹ «ልጅቷን ውሰዷት» አሉ። ወሰዱኝ።

ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ነበርን፣ እኔና እማዬ። በሩ ተንኳኳ። እትዬ አልማዜ። ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ብቻቸውን፣ ከዓለም ባንክ ድረስ በታክሲ። ሐዘንተኛ የለቅሶ ቤቷን ጥላ ስትወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ እየጠበቃቸው ጥለው መጥተዋል። እማዬ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የሚመቷት መስሏታል። እኔም መስሎኛል።

ታዲዮስ ይተኛበት የነበረው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ምን ነበረበት?» አሏት እማዬን።

«በሶና ቅቤ» አለች እማዬ።

«ጨውስ?»

«አልቀመስኩትም። ጾም ነበር።»

ወደኔ ዞረው «ልጁ ይበላል?» አሉኝ። አይበላም አልኩ። ከሰኞ ጀምሮ ያለውን ነገርኳቸው፤ አንቺ እንደጻፍሽልኝ፣ ከሳምንት አያልፍም ያልሽውንም። ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። ጎረቤት እንጀራ ይዞ መጣ፤ አልነኩትም። ዛሬም ጠዋት አልነኩትም። እዚሁ ነው ያደሩት። ወንድማቸው ሊወስዳቸው መጥቶ አልሄድም አሉት።

ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው ካዞረ በግድግዳው በኩል ዞረሽ አንብቢለት።

ታዲዮስ፣ እኔ ነኝ፣ ማራኪ። እትዬ አልማዜ አልጋህ ላይ ናቸው። እህል አልቀመሱም፤ የምራቸውን ነው፣ ውሃ እንኳን በግድ ነው ያስጎነጨኋቸው። ይርገሙህ ይመርቁህ አላውቅም። ዓይናቸውን አይቼ መለየት አቃተኝ፤ እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው። እማዬ አልቀመሰችውም፣ እኔም አልቀመስኩትም፣ አንተ ጣትህን ነው የላስከው። ሳያስተርፍ የበላው ገሜዳ ብቻ ነው፣ ሲበላ ያየኸው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ጥያቄያቸው «ጣፍጦት ነበር?» ነው። ሌላ ምንም አላሉም። «ከአክስቱ አይደለም የምሰማው፣ ከደብዳቤም አይደለም። ያጎረሰው ልጅ በአፉ ይንገረኝ። ከዛ በኋላ እህል እቀምስ እንደሆነ አያለሁ» ነው ያሉት።

ስለዚህ ማልቀስህን ሌላ ጊዜ አልቅሰው። አንተ በረሃብ ብትሞት ገሜዳ አይነሳም፤ እሳቸው ግን መልሱን ሳይሰሙ ይቀራሉ። ለመናገር ድምፅ ያስፈልግሃል፣ ድምፅ እንዲወጣህ ያን ስኒ ወተት መጠጣት አለብህ። አክስቴ ከጨመረችልህ እኔ እጣላታለሁ፤ አንዷን ስኒ ብቻ፣ ቀስ ብለህ። ጣፍጦት ከነበረ ጣፍጦታል በላቸው። ጨው አንሶት ከነበረም እንዳትዋሻቸው። እኔ ዋሽቻቸዋለሁ፣ ይበቃቸዋል።

አክስቴ፣ ያስቀመጥሽውን አንድ ጥሪ ለምን እንዳስቀመጥሽው ገብቶኛል። ለመርዶ ከሆነ አልፈልገውም፣ ዛሬ ለዚህ አውጪው። ስልኬን ሞልቼዋለሁ፣ መብራት ቢጠፋም ይቆያል። እትዬ አልማዜ እጃቸው ላይ ይዘውት ተቀምጠዋል፣ ሲጠራ የትኛውን እንደሚነኩ አሳይቻቸዋለሁ። እማዬ አጠገባቸው ናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደውሉ።